ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንድ እምቢ ያለ ዕለት

ወለተ ሩፋኤል የተወለደችው ዘጌ ነው። ጣና በሦስት ወገን ያቀፋት፣ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንደ ዳዊት ደጋሚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያንሾካሹክባት ምድር ናት። አባቷ መሪጌታ አምሐ ባሕረ ሐሳብ ያስተምሩ ነበር። ባሕረ ሐሳብ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚወጣበት የአበው ስሌት ነው። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ያለውን ዓመት ይዞ በአራት፣ በሰባት፣ በአሥራ ዘጠኝ እያካፈለ ድርሻውን ይተውና ቀሪውን ይይዛል።

«ድርሻውን እርሱት» ይሉ ነበር መሪጌታ ለተማሪዎቻቸው። «እሱ ያለፈ ዘመን ነው። ዓመቱን የሚናገረው ቀሪው ነው። ቀሪ የናቀ ፋሲካውን ይስታል።»

ወለተ ሩፋኤልን ማንም አላስተማራትም፤ ሴት ልጅ ናትና። ነገር ግን ለጆሮ አጥር የለውም። ከጉባኤው ጀርባ የተለቀመውን ቡና እያሰጣች ሁሉንም ሰማች፤ ፊደሉንም በዓይኗ ለቀመች። በቀዩ የቡና ፍሬም ትጫወት ነበር። አሥራ ሁለት ፍሬ ይዛ በሦስት ስትደረድር ሞላላት፣ በአራት ስትደረድርም ሞላላት። አሥራ ሦስት ስትይዝ ግን በምንም አልደረደር አላት። በሁለት ስትለው አንድ ይተርፋል፤ በሦስት ስትለው አንድ ይተርፋል፤ በአራት ስትለውም ያው አንድ ፍሬ ከሰልፉ ወጥቶ ቀይ ዓይኑን አፍጥጦ ያያታል። እንዲህ ያለውን ቁጥር «እምቢ ባይ» ብላ ስም አወጣችለት፣ ዜማም አወጣችለት፦

በሁለት እምቢ አለ፣ በሦስት እምቢ አለ፤
ከዚህ ሁሉ ፍሬ አንድ ልበ ሙሉ አለ።

አድጋ ባሕር ዳር ተዳረች። ባሏ ቶሎ ሞተባት፣ ልጅም አልሰጣትም። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ክፍል እየጠረገች፣ ጥቁር ሰሌዳ እያጸዳች ኖረች። ሰሌዳውን ከመጥረጓ በፊት ግን ቆም ብላ ትመለከተው ነበር፤ የሒሳብ አስተማሪው የተወውን ጥያቄ በልቧ ሠርታ ከጨረሰች በኋላ ነው ጨርቁን የምታሳርፍበት።

በ፲፱፻፸፩ ሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ቀበሌው ፊደል የሚያውቅ ሰው ጠየቀ። እጇን አወጣች። ከሐይቁ ዳር ካለ አንድ የሾላ ዛፍ ሥር ጣቢያ ተሰጣት። ተማሪዎቿ ጌሾ ሻጮች፣ ፈታዮች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ የነጋዴ ሚስቶች ነበሩ። ማስተማሪያዋ አንድ ነው፤ በሰሌዳ ቃል ትጽፍና ከፍ አድርጋ ታነሣለች፣ ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ድምፅ ፊደል በፊደል ያነባል። ሌሎቹ ጣቢያዎችም ይህንኑ ከእሷ ወሰዱ። በሆድ ማንበብ ገና አልተለመደም፤ ሰሌዳ ከተነሣ አፍ ይከፈታል፣ በቃ።

በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት መጡ። አገርነሽ ይባላሉ፤ ስድሳ ዓመት ሳይሞላቸው አልቀረም፣ ጥጥ ፈትለው ያድራሉ።

«ልጄ፣ እኔ ፊደሉን ሁሉ አልፈልገውም» አሉ ከድንጋዩ ላይ እንደተቀመጡ። «ሦስት ብቻ አስተምሪኝ።»

«የትኞቹን ነው እማማ?»

«ክ። ን። ዱ።»

ወለተ ሩፋኤል ስሙን አወቀችው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ክንዱ ብቸኛ ልጃቸው ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ክራር የሚመታ። በ፲፱፻፸ አብዮት ጠባቂዎች ከቤት ወሰዱት፣ በሦስተኛው ቀን ተጥሎ ተገኘ። ማልቀስ ተከለከለ፤ ድንኳን ተከለከለ፤ ሙሾ ተከለከለ። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ «የክንዱ እናት» እያለ ነበር የሚጠራቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ስም ደፍሮ የጠራ የለም። ጎረቤት እንኳ «አገርነሽ» ብቻ ብሎ ያልፋል። ልጁን ቀበሩ፣ የእናትየውን ስም ደግሞ ከአፈር በላይ ቀበሩት። ማድጋቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ብቻ፣ ውሃው እንጂ ሰው በማይሰማበት ቦታ፣ እንዲህ ይሉ ነበር፦

ጣና ዳርቻ አለው፣ በታንኳ ይለካል፤
የልጅ ሐዘን ግና ዳሩ መች ይነካል።

«ሦስቱን ለመጻፍ ሁሉንም ማለፍ ያስፈልጋል» አለቻቸው ወለተ ሩፋኤል። ውሸቷን ነው፤ አያስፈልግም። ግን ሦስቱን ይዘው እንዳይሄዱባት ፈለገች።

እማማ አገርነሽ ሁለት ጊዜ ፈተና ወደቁ። እጃቸው እንዝርት እንጂ እርሳስ አልለመደም። በሦስተኛው፣ በ፲፱፻፸፫ ነሐሴ ማብቂያ፣ መዝገቡ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው አለፉ። ዕልል ያለችው ጀሊላ ናት፤ ጀሊላ የጨርቅ ነጋዴው የሙሔ ሚስት፣ የጣቢያው ቀልደኛ። «ይኸው! እማማ የከተማው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንደኛ ምሩቅ ሆኑ! ምነው እንደኔ ቀደም ብለው ቢያልፉ፣ በሰልፍ ልምምድ እግርዎ እንደኔ ይላጥ ነበር!»

ሰልፉ ጳጉሜን ሦስት ነው። የከተማውና የአካባቢው ምሩቃን ሁሉ ከአዲስ አበባ በሚመጣ እንግዳ ፊት በኳስ ሜዳው ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ ሰው በገዛ እጁ ስሙን የጻፈበት ጣውላ ይይዛል። እማማ አገርነሽ ጣውላቸውን አስቀድመው ጽፈው ጨርሰዋል፤ ወለተ ሩፋኤል ከአባቷ አይታ በያዘችው የብራና ቀለም፣ ዝናብ በማያጥበው ጥቁር። የጻፉት ግን የራሳቸውን ስም አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው እያየ፣ ያን ስም ተሸክመው ሜዳውን መሻገር ነው የሚፈልጉት። ሌላ ምኞት አልቀራቸውም።

የሰልፉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ሣህሉ ይባላል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ክፉ ሰው ነው ማለት ይከብዳል፤ ግን የወደደውን ነገር ሰው እንዲነካበት አይፈልግም። ኮሌጅ ሁለት ዓመት ሒሳብ ተምሮ ነበርና የወደደው ነገር ቁጥር ነበር። ወለተ ሩፋኤልን ቀበሌ አስጠራት።

«ቁጥሬን አበላሸሽብኝ» አላት፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በኖራ የተጻፈውን እያሳየ። «ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ! ይህ ምን ዓይነት ቁጥር እንደሆነ ታውቂያለሽ? በሁለት ይካፈላል፣ በሦስት ይካፈላል፣ በአራት፣ በአምስት... እስከ አሥር በሁሉም! ከእሱ ያነሰ እንዲህ የሚሆን ቁጥር የለም። ሰልፉን በእሱ ነው የሠራሁት። ፊሽካ ስነፋ በአሥር በአሥር፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ረድፍ። ደግሞ ስነፋ በዘጠኝ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ረድፍ። በስምንት፣ በሰባት፣ እስከ ሁለት ድረስ። አንድም ሰው አይተርፍ! እንግዳው አፉን ነው የሚይዘው። አንቺ ግን አንዲት አሮጊት ጨምረሽ መጣሽ።»

«እኔ አልጨመርኋቸውም ጓድ። አልፈው ነው።»

«ያውም የማን እናት! ጣውላዋ ላይ ምን እንደጻፈች የማላውቅ መሰለሽ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተይ። ቁጥሩ ራሱ አውጥቷታል። እኔ አይደለሁም።»

«ቁጥር ሰው አያወጣም።»

ሣህሉ ሳቀ። «እንግዲያው አካፍለሽ አምጪልኛ! ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንድን በፈለግሽው ረድፍ፣ በአሥራ አንድም ይሁን በአርባ ሦስት፣ አንድ ሳይተርፍ ካካፈልሽልኝ ሜዳውን እንደገና አሰምረዋለሁ። እስከ ነገ ከሰዓት። ካልሆነ ስሟ ይሰረዛል።»

በማግስቱ ማለዳ ከሐይቁ ዳር ተቀመጠች። ደንገል የጫኑ ታንኳዎች ከጭጋጉ እየወጡ ያልፋሉ። በእርጥቡ አሸዋ ላይ በጣቷ መሥራት ጀመረች። እስከ አሥር ባሉት ሁሉ አንድ ይተርፋል፤ ያ ከሣህሉ አፍ የወጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሁሉ መሞከር አያስፈልግም፣ እምቢ ባዮቹን ብቻ መጠየቅ ይበቃል፤ በሁለት ያልሄደ በአሥራ ሁለት አይሄድምና። በአሥራ አንድ ሁለት ተረፈ። በአሥራ ሦስት አሥራ ሁለት ተረፈ፤ ለመሙላት አንድ ሰው ብቻ ጎደለው! ልቧ ዘለለ። ግን መዝገቡ ታሽጓል፣ ሰው አይጨመርም። በአሥራ ሰባት አምስት። በአባቷ ቁጥር በአሥራ ዘጠኝ አሥራ ሦስት። በሃያ ሦስት አሥራ አራት። በሃያ ዘጠኝ ሊሞላ ሁለት ጎደለ። በሠላሳ አንድ፣ በሠላሳ ሰባት፣ በአርባ አንድ፣ በአርባ ሦስት... እምቢ፣ እምቢ፣ እምቢ። በአርባ ሰባት ሠላሳ ተረፈ።

እዚያ ላይ ጣቷን ከአሸዋው አነሣች። አለቀ። ሞገዱ መጥቶ ሒሳቧን ላሰው።

ማልቀስ ነበረባት፤ ያሰበችው ግን ያን ከሰልፉ ወጥቶ ያፈጥጥባት የነበረውን ቀይ ፍሬ ነበር። ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። አንድ ታንኳ ቀዛፊ «ደህና አደርሽ እቴ፣ ምን ተገኘ?» ሲላት፣ «አንድ ጀግና አገኘሁ!» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ቀበሌው ገባች።

«አይካፈልም» አለች። «በምንም።»

«እስከ ስንት ሞከርሽ?»

«እስከ አርባ ሰባት።»

«ከዚያ በላይስ?»

«ቀጣዩ ሃምሳ ሦስት ነው፤ ሃምሳ ሦስት ጊዜ ሃምሳ ሦስት ቁጥሩን ያልፈዋል። ከዚያ በላይ የሚያካፍለው ቢኖር ጓደኛው ከበታች ይኖር ነበር። ከበታች ያሉትን ደግሞ ሁሉንም ጠየቅሁ።»

ሣህሉ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ፤ ለአንድ አፍታ ካድሬነቱን ረስቶ ተማሪ መሰለ። «ትክክል ነሽ። እንዲህ ያለው ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም።»

«ዘጌ ሳለሁ እምቢ ባይ ነበር የምለው።»

«እሺ፣ እምቢ ባይ ይሁን። ተሸነፍሽ እንግዲህ።» ቀይ ብዕሩን አነሣ።

«ይቆዩ። ቀሪው ማን እንደሆነ በሰሌዳው ላይ ያሳዩኝ። ስም አለው?»

«የመጨረሻዋ ናታ!»

«ከፊት ሲቆጥሩ። ከኋላ ቢቆጥሩ ቀሪው ሌላ ሰው ነው። ከመሃል ቢጀምሩም ሌላ። ቁጥሩ አንድ ሰው ይተርፋል አለ እንጂ አገርነሽ ትተርፋለች አላለም። ስም የጠሩት እርስዎ ነዎት።»

«ወለተ ሩፋኤል!» ጠረጴዛውን መታ። «እኔም ቄስ ትምህርት ቤት አልፌያለሁ። የአባትሽ ባሕረ ሐሳብ ራሱ ‹አንዱን ለዘመን ተው› ይል የለም? በየዓመቱ አንድ የሚጥል ሒሳብ ይዘሽ እኔን ልትመክሪኝ!»

ያን ጊዜ ፍርሃቷ ለቀቃት። አንቱታውም አብሮት ሄደ።

«ልጄ፣ ደንቡን አስተማሩህ፣ ምክንያቱን ግን አልነገሩህም። ያ የሚተወው አንድ ያልተፈጸመው ዓመት ነው፤ አሁን የምንኖርበት። ያለፉትን በቁጥር እንሰበስባቸዋለን፤ ሕያው የሆነውን ለብቻው እናቆመዋለን። አንዱ አይጣልም። ይቆማል።»

ሣህሉ ስሙን በቀይ ሰረዘ። «ነገ ሜዳው ላይ እንዳላያት። አብዮት ጠባቂዎቹ ያውቋታል።»

ወለተ ሩፋኤል በቀጥታ ወደ ሾላው ሄደች። ተማሪዎቿ ልብስ ሲተኩሱ፣ ጣውላ ሲወለውሉ አገኘቻቸው። የሆነውን ነገረቻቸው፤ ከዚያም ዘጠኝ የቡና ፍሬ ከመቀነቷ አወጣች።

«ሰልፉ ዘጠኝ ጊዜ ይለወጣል። በአሥርም፣ በዘጠኝም፣ በስምንትም፣ እስከ ሁለት ድረስ ሁልጊዜ የሚተርፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህ ቁጥር እንዲህ ነው የተፈጠረው። እኛ የመጨረሻዎቹ ረድፎች ነን። ቀሪውን በየተራ እንሁን። ተራው የደረሰ ሰው ከኋላ አይደበቅም፤ ወደ ፊት ወጥቶ ጣውላውን ያነሣል።»

 መጀመሪያ እጇን የዘረጋችው ጀሊላ ናት። «የመጀመሪያዋ ቀሪ እኔ ልሁን! ሙሔም ‹አንቺ ከሰው ሰልፍ አትገቢም› ይለኝ የለ? ከፊት ሲያየኝ ምን እንደሚል እሰማለሁ።»

«ከያዙሽስ?» አለች አንዷ።

«እንግዲያ ለምን ብለው ይይዙኛል? ስሜን ስለጻፍሁ? እነሱው አይደሉም ያስተማሩኝ?»

ፍሬዎቹ አንድ በአንድ ተወሰዱ። ዘጠነኛውን ማንም አልነካውም። ወለተ ሩፋኤል በእማማ አገርነሽ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው፤ ጣቶቻቸው ተከደኑበት። 

ጳጉሜን ሦስት የሩፋኤል ዕለት ነው፤ ሰማይ የሚከፈትበት፣ ዝናቡ ጸበል የሚሆንበት። ያን ማለዳ ዝናቡ ወረደ። ሕፃናት ራቁታቸውን በጎዳናው ሮጡ፤ ትልልቆቹም ሸማቸውን ገልጠው ራሳቸውን ሰጡት። በሜዳው ላይ ሣህሉ ሦስት ሳምንት ያሰመረው የኖራ መስመር ወተት ሆኖ ወደ ጣና ፈሰሰ። አብዮት ጠባቂዎቹ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ግን ሁሉም ሴት ከዝናቡ ነጠላዋን አጣፍታለች፣ ሁሉም ጣውላውን በደረቱ አዙሯል። በሁለት ሺህ ነጠላ መካከል አንዲት እናትን ማን ይለያል?

ሣህሉ ከመድረኩ ግርጌ ቆሞ ፊሽካውን ነፋ። በአሥር! ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ረድፍ ቀጥ አለ። አንዲት ሴት ቀረች፤ ረድፎቹን አልፋ ከሁሉም ፊት ቆመችና ጣውላዋን አነሣች። ሰልፈኛው እንደ ልማዱ፣ ሳያስበው፣ በአንድ ድምፅ አነበበ፦

«ጀ... ሊ... ላ!»

እንግዳው አጨበጨበ። ሣህሉ አንገቱን አስግጎ አየ፤ አገርነሽ አይደለችም። በዘጠኝ! ሌላ ሴት ወጣች፣ ጀሊላ ወደ ረድፏ ገባች። «ው... ዴ!» በስምንት! አንድ ዓሣ አጥማጅ ወጣ። «አ... ዘ... ዘ!» ሣህሉ ወደ ኋላ ረድፎች ሰዎች ላከ፤ ፍለጋው አንዱን ረድፍ ሲይዝ ፊሽካው ረድፉን ይበትነዋል፤ ፊሽካውም ያለው በገዛ አፉ ነው። በሰባት፣ በስድስት፣ በአምስት፣ በአራት። በእያንዳንዱ አንድ ይተርፋል፤ በእያንዳንዱም ቀሪው ሌላ ነው። በሦስት ስምንት መቶ አርባ ረድፍ ሆነ፤ ስምንተኛው ቀሪ ስሙ ተነብቦለት ተመለሰ።

አሁን የቀረው በሁለት ነው። ሣህሉ ገባው። ፊሽካውን ከከንፈሩ አላቆ ያዘው። ሜዳው ጠበቀ፤ ዝናቡ ብቻ ጣውላዎቹን እየመታ ይሰማል። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንድ ሰው አንዱም እግሩን አላነሣም። እንግዳው ከመድረኩ ዘወር ብሎ «ምነው? አለቀ?» አለው። ወለተ ሩፋኤል ከአስተማሪዎች ጎን ቆማ ዓይኑን ዓይኑን አየችው።

ነፋ።

አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድሳ ጥንድ ሆኑ። ከመጨረሻው ጥንድ ኋላ አንዲት እናት ቀሩ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ወደ ትከሻቸው አወረዱ። ረጅሙን ሰልፍ በመካከሉ ሰንጥቀው፣ ሳይቸኩሉ፣ ሙሽራ እንደሚሸኝ ሰው ቀና ብለው መጡ። ከሁሉም ፊት ቆሙ። ጣውላቸውን አነሡ።

አብዮት ጠባቂዎቹ ተንቀሳቀሱ፤ ግን ድምፁ ቀደማቸው። ከየጣቢያው የመጣ፣ ከዱርቤቴ መንገድ፣ ከቁንዝላ በጀልባ የመጣ፣ ገና ትናንት ፊደል የለየ ሕዝብ ሰሌዳ ሲነሣ ዝም ማለት አያውቅም። ያነበበውን ነገር ግማሹ አላወቀውም፤ ግማሹ ከመካከል ላይ አወቀው። ያወቁት ድምፃቸውን አልቀነሱም፤ ጨመሩ።

«የ... ክ... ን... ዱ... እ... ና... ት!»

ከሕዝቡ አንዲት ሴት ደግማ አነበበች። ሌላዋም። ሦስት ዓመት ታፍኖ የኖረ ልቅሶ ንባብ ሆኖ ወጣ፤ ንባብ ደግሞ በመንግሥት የታዘዘ ነበር። እማማ አገርነሽ አላለቀሱም። ጣውላውን እንደያዙ ዝናቡን በፊታቸው ተቀበሉት፤ ጥቁሩ ቀለም አልፈሰሰም።

እንግዳው ምንም አልገባውምና ከሁሉም አብልጦ አጨበጨበ።

በማግስቱ ወለተ ሩፋኤል ተጠራች። ሁለት ቀን አቆዩዋት። «ማን አቀናጀው?» ሲሏት «ቁጥሩ» አለች። «ቀሪው ማን ነበር?» ሲሏት «ሁላችንም» አለች። ሣህሉም አንድ ጊዜ ገብቶ አያትና ወጣ። እንግዳው አንድ ሰው በየተራ ወደ ፊት የሚወጣበትን ሐሳብ እጅግ አድንቆ ስለነበር ኮሚቴው ‹የእኛ ዕቅድ ነው› ብሎ አስጽፎ ኖሯልና ነገሩን ወደ በላይ አካል ማድረስ አልተቻለም። ጣቢያዋን ነጠቋት፣ መጥረጊያዋን መለሱላት። እሷ እንደሆነች ሰሌዳውን ከመጥረጓ በፊት ማንበቧን አልተወችም። በሰፈሩም ሴቶች እንዲህ ማለት ጀመሩ፦

ቢከፍሉት ቢከፍሉት አልከፈልም ያለ፤
በጣና ዳር ሜዳ አንድ ቁጥር አለ።

የተለቀቀችው የዘመን መለወጫ ዋዜማ አመሻሽ ላይ ነው። በማግስቱ መስከረም አንድ ጠዋት እማማ አገርነሽ ቤት ሄዳ ደጃፉ ላይ አብረው ተቀምጠው ሳለ፣ ሦስት ዓመት አንገቷን ደፍታ ታልፍ የነበረች አንዲት ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ግራ ቀኝ አላየችም። ድምፅዋንም ዝቅ አላደረገችም።

«የክንዱ እናት! እንኳን አደረሰዎ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አሉ እማማ አገርነሽ።